ሴሬንጌቲን የለወጠው የከብት ክትባት

ስለ ሴሬንጌቲ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ያው ነው። አንበሳ፣ እንደ ጎርፍ የሚፈስ መንጋ፣ ወንዝ ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ አዞ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ያ መንጋ የዛሬ 60 ዓመት ገደማ እንዲህ አልነበረም። በ1961 በተደረገ ቆጠራ የሴሬንጌቲ ዊልደቢስት 260 ሺህ ገደማ ነበር። በ1977 ሲቆጠር 1.4 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። በ16 ዓመት ከአምስት እጥፍ በላይ! ከሌላ ቦታ አምጥቶ የለቀቃቸው የለም። መኖ የዘራላቸው የለም። የተደረገው ነገር ከፓርኩ ውጭ ነው፣ ያውም ለዱር እንስሳት ተብሎ አይደለም። በዙሪያው ያሉ አርብቶ አደሮች ከብቶች ተከተቡ፣ በቃ።

ጉዳዩን ከሥሩ ልተርከው። አንድ የሳር ሜዳ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ብዙ አይገኝም፤ ደግሞም ነገሩ የሚጀምረው ታንዛኒያ ውስጥ ሳይሆን እዚሁ እኛ ደጅ፣ ምፅዋ ወደብ ላይ ነው። እንዳይምታታ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ዊልደቢስትን ለማያውቅ፦ የእኛ ቆርኬ የቅርብ ዘመድ ነው። ረጅም ፊት፣ ከፊት ከፍ ከኋላ ዝቅ ያለ ጀርባ፣ የተንጠለጠለ ጺም። እውነቱን ለመናገር መልኩ አያምርም። ነገር ግን የሴሬንጌቲን ሜዳ የሚያስተዳድረው እሱ ነው፣ አንበሳው በስም ብቻ ነው ንጉሥ።

ቦታው

ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው በሰሜን ታንዛኒያ፣ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ነው። ስፋቱ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1951 ሲሆን በ1981 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንስሶቹ ግን የካርታ ወሰን አያውቁም። በደቡብ ምሥራቅ በኩል የንጎሮንጎሮ ጥበቃ ክልል አለ፣ በሰሜን ድንበር ተሻግሮ የኬንያው ማሳይ ማራ አለ፤ መንጋው ሁሉንም እንደ አንድ ቤት ነው የሚያየው።

የቦታውን ጠባይ ለመረዳት ከዝናቡ መጀመር ይሻላል። ከህንድ ውቅያኖስ እርጥበት ይዞ የሚመጣው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው የንጎሮንጎሮን ደጋ ነው። እዚያ ላይ ያለውን ያራግፍና ባዶ እጁን ወደ ሜዳው ይወርዳል። ስለዚህ ከተራራው ጀርባ ያለው የደቡብ ምሥራቁ ሜዳ በዓመት የሚያገኘው 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ በተጓዝን ቁጥር ዝናቡ እየጨመረ ይሄዳል፣ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጠጉ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ሐይቁ ራሱ ደመና ይሠራልና። ወቅቱም ሁለት ነው፦ በኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ አጭር ዝናብ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅም ዝናብ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው።

ቀጥሎ አፈሩ። የደቡብ ምሥራቁ ሜዳ የተሠራው ከእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ኬሪማሲ እና እስካሁንም የሚፈነዳው ኦል ዶይንዮ ሌንጋይ የተባሉት ተራሮች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የተፉት አመድ በነፋስ እየተነዳ እዚያ ተከምሯል። ዝናብ ሲነካው በውስጡ ያለው ካልሲየም ሟሙቶ ወደ ታች ይሰርግና ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ንጣፍ ይሠራል። የዛፍ ሥር ይህን ንጣፍ አይበሳውም። ስለዚህ ዓይን እስኪደክም ድረስ ቢታይ ሳር ብቻ ነው፣ አልፎ አልፎ ብቅ ካሉ የግራናይት ቋጥኞች በቀር። ሳሩም አጭር ነው። ግን ምን ያደርጋል ቁመት! በፎስፈረስና በካልሲየም የበለጸገ ነው፣ የምታጠባ እናት የምትፈልገው ደግሞ በትክክል ይህንኑ ነው።

የመንጋው ጉዞ ምስጢር እዚህ ጋ ነው ያለው። ምርጡ ሳር የሚበቅለው ውሃ በሌለበት ቦታ ነው። ዝናብ ሲኖር ሜዳው ገነት ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም ኩሬው ይደርቃል፣ ሳሩ ይጠወልጋል፣ ጨዋማ ውሃ ብቻ ይቀራል። በሰሜን በኩል ደግሞ ውሃም ሳርም አለ፤ ሳሩ ግን ረጅምና ጭራሮ የበዛበት፣ ማዕድኑ ያነሰ ነው። ሁለቱን አንድ ቦታ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ መሄድ ግድ ነው።

ከታኅሣሥ ጀምሮ መንጋው ደቡብ ምሥራቅ ሜዳ ላይ ነው። የካቲት አካባቢ ይወልዳሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች በሦስት ሳምንት ውስጥ። ጥጃው መሬት ነክቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቆማል፣ ወዲያው ከእናቱ ጎን ይሮጣል። ባይሮጥ ጅብ አለ። ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወልዱ አንበሳውም ጅቡም በልቶ በልቶ ይጠግባል፣ የተረፈው ጥጃ ያድጋል። በግንቦትና ሰኔ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግሩሜቲ ወንዝ ያቀናሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በሰሜን፣ በማራ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ይቆያሉ። በኅዳር የመጀመሪያው ዝናብ ደቡብ ላይ ጠብ ሲል ተመልሰው ይወርዳሉ።

ከምፅዋ የተነሳው በሽታ

አሁን ወደ በሽታው። ሳይንቲስቶች ሪንደርፔስት ይሉታል፣ የእኛ ገበሬ የሚያውቀው ደስታ በሽታ በሚለው ስሙ ነው። በ1887 በምፅዋ በኩል ገባ፤ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ለጣሊያን ጦር ከህንድ በመጡ ከብቶች አማካይነት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ በአንድ ስም ያውቀዋል፦ ክፉ ቀን። ከአገሪቱ ከብት ዘጠኝ አሥረኛው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የለም፣ እርሻ የለም፣ ከዚያ ረሃቡ።

በሽታው ግን ኢትዮጵያ ላይ አልቆመም። በ1890 እና 1891 የማሳይ አርብቶ አደሮች አገር ደረሰ፣ በ1896 ዛምቤዚን ተሻገረ፣ በ1897 ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ላይ ነበር። በአሥር ዓመት አህጉሩን ከላይ እስከ ታች ጨረሰ ማለት ነው። በ1892 በንጎሮንጎሮ አካባቢ ያለፈው ኦስትሪያዊው ተጓዥ ኦስካር ባውማን በረሃብ የከሱ፣ አጥንታቸው የቀረ ማሳዮችን አይቶ ጽፏል። ማሳዮች ያን ዘመን ኤሙታይ ይሉታል። እነሱም እንደኛ አልረሱትም።

በሽታው ሲይዝ መጀመሪያ ከፍተኛ ትኩሳት ነው። ከዚያ ዓይንና አፍንጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ አፍ ውስጥ ቁስል ይወጣል፣ እንስሳው መብላት ያቆማል፣ ከባድ ተቅማጥ ይከተላል፤ ድርቀቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድለዋል። የሚያጠቃው ላምን ብቻ አይደለም። ጎሽ፣ ዊልደቢስት፣ ቀጭኔ፣ ሌሎችም የሚያመሰኩና ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳት ይያዛሉ። የሜዳ አህያ ግን አያመሰኳም፣ ሰኮናውም ድፍን ነው፤ በሽታው አይነካውም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ከብቱ ሲያልቅ ሰው አለቀ ወይም ተሰደደ። ሰው ሲሄድ ሳር የሚያቃጥልም ቁጥቋጦ የሚመነጥርም ጠፋ። ሜዳው ዳር ዳሩን በጥሻ ተሸፈነ፣ ጥሻው የገንዲ በሽታ የሚያመጣውን ዝንብ ይዞ መጣ፣ ዝንቡ ደግሞ የተረፈው አርብቶ አደር ተመልሶ እንዳይሰፍር አደረገው። ከዚያ በኋላ የመጡ አውሮፓውያን ይህን ባዶ ቦታ አይተው «የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ» አሉት። ይህ ሁሌም ያናድደኛል። ያዩት ከአደጋ በኋላ የቀረውን ቦታ ነው፣ ባለቤቶቹ ገና ለቅሶ ላይ ነበሩ።

ማን ማንን ነው የሚያስይዘው?

የመጀመሪያው ማዕበል ካለፈ በኋላ ቫይረሱ አልጠፋም። በምሥራቅ አፍሪካ እየተመላለሰ ቀረ። ሴሬንጌቲ ውስጥ በየዓመቱ አንድ ነገር ይደጋገም ነበር፦ ጥጆቹ በየካቲት ደህና ይወለዳሉ፣ ደህና ያድጋሉ፣ ከዚያ ሰባት ወር ገደማ ሲሞላቸው መሞት ይጀምራሉ። ትልልቆቹ ምንም አይሆኑም። ምክንያቱ ሲታወቅ ቀላል ነው። አንዴ ታሞ የተረፈ እንስሳ ዕድሜ ልኩን ተመልሶ አይያዝም። እናት ይህን መከላከያ በእንገሯ ለጥጃዋ ትሰጣለች፤ ግን የእንገሩ ጉልበት ጥቂት ወራት ነው የሚቆየው። ሲያልቅ ጥጃው ራቁቱን ይቀራል፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ደረቁ ወቅት ስላለ አቅሙም ደክሟል። እናቶቹ ይወልዳሉ፣ ልጆቹ ይሞታሉ፣ ቁጥሩ ባለበት ይረግጣል።

ታዲያ ለረጅም ጊዜ ብዙ ባለሙያ የሚያምነው በሽታው የሚኖረው በዱር እንስሳት ውስጥ ነው፣ ከብቱን የሚያስይዙት እነሱ ናቸው የሚለውን ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል። መንጋው ትልቅ ነው፣ ይዞራል፣ በየዓመቱ ይታመማል። በዚህ አስተሳሰብ አፍሪካ ውስጥ በተለያየ ቦታ ብዙ የዱር እንስሳ ተገድሏል።

እውነቱ ግን ተቃራኒው ሆኖ ተገኘ። ይህ የታወቀው ደግሞ አንድ ሰው አስቦ ሙከራ ስላደረገ አይደለም፣ ለሌላ ዓላማ የተሠራ ሥራ ያመጣው ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሴሬንጌቲ ዙሪያ ያሉ ከብቶች በብዛት መከተብ ጀመሩ። በዚያው ዘመን ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በሚገኘው ምርምር ጣቢያ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በሕዋስ ውስጥ የሚባዛ ክትባት ሠራ። ለሁሉም ዓይነት ከብት አያሰጋም፣ ርካሽ ነው፣ አንዴ የተወጋ ከብት ለዘለቄታው ይጠበቃል። ለዚህ ሥራው በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝቷል። ክትባቱ ለከብት ብቻ ነው የተሰጠው። ሩብ ሚሊዮን ዊልደቢስት ማን ይዞ ሊወጋ!

በ1963 ገደማ በሽታው ከሴሬንጌቲ ዱር እንስሳት ጠፋ። ዝም ብሎ ጠፋ። የደም ምርመራው አንድ ነገር አሳየ፦ ከዚያ ዓመት በፊት የተወለዱት ጎሾችና ዊልደቢስቶች ደማቸው ውስጥ የበሽታው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንዴ ተይዘው እንደነበር የሚያሳይ ምልክት አለ፣ ከዚያ በኋላ በተወለዱት ውስጥ የለም። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፣ ዘወትር ያልተያዘ አዲስ እንስሳ ይፈልጋል። ያን ያለማቋረጥ የሚያገኘው ከብት ውስጥ ነበር፤ ከመንደር መንደር፣ ከገበያ ገበያ የሚንቀሳቀስ፣ በየጊዜው የሚወለድ ብዙ ከብት ውስጥ። ያ በር ሲዘጋበት በዱር ብቻ መቀጠል አልቻለም። ዊልደቢስቱ በሽታው ይደርስበት ነበር እንጂ የበሽታው ምንጭ አልነበረም።

አሁን ያቺን የሜዳ አህያ እናንሳት። አንድ ሰው «ቁጥሩ የጨመረው ዝናብ ጥሩ ስለሆነ ነው፣ ወይም አደን ስለቀነሰ ነው» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ዝናቡም ጥበቃውም ለሜዳ አህያም ነበር። እሷ ያንኑ ሳር ትበላለች፣ ያንኑ መንገድ ትጓዛለች፣ ያው አንበሳ ያድናታል። ዊልደቢስቱና ጎሹ ሽቅብ ሲወጡ የሜዳ አህያ ቁጥር 200 ሺህ ገደማ ላይ ቆሞ ቀረ። ልዩነታቸው በሽታው ብቻ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቢታቀድ እንኳን እንዲህ ጥርት ያለ ማነጻጸሪያ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ለመከታተል በመጀመሪያ መቁጠር ያስፈልግ ነበር። ጀርመናዊው በርንሃርድ ግዚሜክና ልጁ ሚካኤል በ1950ዎቹ መጨረሻ በትንሽ አውሮፕላን እየበረሩ እንስሶቹን ቆጥረዋል። ሚካኤል በ1959 አውሮፕላኑ ከጥንብ አንሳ ጋር ተጋጭቶ ወድቆ ሞተ። ከዚያ በ1965 አንተኒ ሲንክሌር የተባለ ወጣት መጣና ጎሾችን ማጥናት ጀመረ፤ ለአሥርተ ዓመታት እየተመላለሰ የዚህን ጉዳይ አብዛኛውን ክር የፈታው እሱ ነው።

ሳር፣ እሳት፣ ዛፍ

እስካሁን ያለው የእንስሳት ሐኪም ወሬ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔን የሚገርመኝ።

አንድ ሚሊዮን አፍ ሲጨመር ሳር ያልቃል። ሳር ሲያልቅ ደግሞ የሚነድ ነገር ያልቃል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በየበጋው ከሴሬንጌቲ እጅግ ሰፊው ክፍል ይቃጠል ነበር። እሳቱን የሚለኩሰው በአብዛኛው ሰው ነው፦ አዲስ ሳር የሚፈልግ እረኛ፣ ሕገወጥ አዳኝ፣ አንዳንዴም ራሱ የፓርኩ ጠባቂ። ያልተበላ ረጅም ሳር ደርቆ ቆሞ ስለሚጠብቅ አንዴ ከተያያዘ የሚያቆመው የለም። ትልቅ ግራር ብዙም አይጎዳም። ጉልበት ድረስ የደረሰች ችግኝ ግን ግንዷ ይነዳል፣ ከሥሯ ታቆጠቁጣለች፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትነዳለች። በዚህ ሁኔታ ሃያ ዓመት የሆናት ችግኝ ከሳር በላይ ራሷን ሳታወጣ ልትቀር ትችላለች። አሮጌዎቹ ዛፎች እየወደቁ ነው፣ ተተኪ የለም።

መንጋው ሲበዛ ሳሩ እሳት ከመምጣቱ በፊት በጥርስ ታጨደ። እሳቱ ወዲያውኑ አልቀነሰም፤ ግን በ1970ዎቹና 1980ዎቹ ውስጥ የሚቃጠለው ቦታ በጣም አነሰ፣ የሚነደውም በየቦታው የተቆራረጠ ሆነ። ያቺ ችግኝ ጥቂት እሳት አልባ ዓመታት አገኘች። በቃ፣ አመለጠች። አንዴ ከእሳቱ ወላፈን በላይ ራሷን ካወጣች ሌላ እሳት ቢመጣም ትተርፋለች። ሲንክሌር በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ እየቆመ ያነሳቸው ፎቶዎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ፣ ባዶ የነበረው ኮረብታ ቀስ በቀስ በወጣት ግራር ተሞልቷል።

ወጣት ግራር ማለት ለቀጭኔ ምግብ ነው። ቀጭኔው ጨመረ። ብዙ ዊልደቢስት ማለት ለአንበሳና ለጅብ ሥጋ ነው፤ እነሱም ጨመሩ። አሜሪካዊው ሳሙኤል ማክናውተን በ1970ዎቹ ያሳየው ሌላም ነገር አለ፦ መንጋው አጭዶት ያለፈው ሳር መልሶ ሲያቆጠቁጥ ለስላሳና ገንቢ ስለሚሆን ትንሿ የቶምሰን ጋዜል ኋላ መጥታ እሱን ትግጣለች። በ2009 ደግሞ ሪካርዶ ሆልዶና ባልደረቦቹ ስሌቱን እስከ ካርቦን ድረስ ወሰዱት። ሜዳው በእሳት ወደ አየር ይለቀው የነበረውን ያህል ካርቦን መልቀቅ አቁሞ፣ በዛፉ ውስጥ የሚያጠራቅም ሆኗል አሉ። አንድ የከብት ክትባት የአየር ንብረትን ጉዳይ ነካ ማለት ነው፣ ማንም ሳያስበው።

ግን ነገሩ ሁልጊዜ በዚህ መስመር ብቻ አይሄድም። ድንበሩን ተሻግሮ ማሳይ ማራ ውስጥ እሳቱ ቢቀንስም ዛፉ ተመልሶ አልመጣም። ምክንያቱ ዝሆን ነው። ሆሊ ደብሊን ያጠናችው ይህንን ነው፦ እሳቱ ዛፉን ካጠፋው በኋላ ዝሆኖቹ ሳር መሃል የምትበቅለውን ችግኝ እየለቀሙ ስለሚበሉ ሜዳው ሜዳ ሆኖ ቀረ። ተመሳሳይ ዝናብ፣ ተመሳሳይ አፈር፣ ሁለት የተለያየ መልክ። ስለዚህ «ሳቫና (ዛፍ ጣል ጣል ያለበት የሳር ሜዳ) ምን መምሰል አለበት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የትኛው እንስሳ በየትኛው ዓመት ስንት እንደነበር መጠየቅ አለበት።

ታዲያ የት ላይ ቆመ?

ቁጥሩ ለዘላለም አልጨመረም። ከ1971 እስከ 1976 በደረቁ ወቅት ያልተለመደ ዝናብ ጥሎ ነበር፣ መንጋውም በዚያ ዕድል ተጠቅሞ ሽቅብ ወጣ። ከዚያ በኋላ 1.3 ሚሊዮን አካባቢ ላይ ተረጋጋ። የሚገታው አንበሳ አይደለም። ተጓዥ መንጋን አንበሳ ሊጨርሰው አይችልም፤ አንበሳዋ ግልገል አላት፣ ቦታ አላት፣ መንጋው ሲሄድ ተከትላ አትሄድም። የሚገታው በደረቁ ወር የሚገኘው ሳር ነው። በ1993 ድርቅ ሲመጣ ይህ በደንብ ታየ፣ ብዙ መቶ ሺህ ዊልደቢስት በረሃብ አለቀ።

ስለ ማራ ወንዝ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ በየቪዲዮው ላይ የሚታየው አዞው ብቻ ነውና። ከአዞው ይልቅ የሚገድለው መተፋፈግና ውሃው ነው። በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በማራ ወንዝ በዓመት በአማካይ 6,250 ያህል ዊልደቢስት ሰጥሞ ይሞታል፣ ክብደቱ 1,100 ቶን ገደማ። ጥንብ አንሳው ይበላል፣ ዓሣው ይበላል፣ አጥንቱ ደግሞ ለዓመታት ቀስ እያለ ፎስፈረስ ወደ ውሃው ይለቃል። ያ የእሳተ ገሞራ አመድ ሳር ሆኖ፣ ሥጋ ሆኖ፣ አሁን ወንዝ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከመንጋው ብዛት አንጻር ሲታይ ግን 6,250 ምንም ያህል አይደለም።

በሽታም ጨርሶ አልተወውም። በ1982 ደስታ በሽታ ተመልሶ ጎሾችን መታ፤ በዙሪያው ያለው ከብት ክትባት ሲጠናከር ተመልሶ ከሰመ። ከዚያ በ1994 አንበሶች ሲንዘፈዘፉ፣ ሲወድቁ መታየት ጀመሩ። የውሻ ዲስቴምፐር የተባለ በሽታ ነበር፣ የደስታ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ። ከ3,000 ገደማ አንበሶች አንድ ሦስተኛው ሞቱ። ጥርጣሬው በዙሪያው መንደሮች ባሉ ውሾች ላይ ወደቀ። ኋላ ላይ የወጣ ጥናት ሌላ ነገር ጨመረበት፦ ከ1993ቱ ድርቅ በኋላ በረሃብ የተዳከሙት ጎሾች መዥገር ወርሯቸው ነበር፣ አንበሶቹ እነሱን እየበሉ በመዥገር የሚመጣ የደም ተውሳክ ያዛቸው፣ በዚያ ላይ ዲስቴምፐር ሲጨመር አልቻሉትም። ድርቅ፣ ጎሽ፣ መዥገር፣ ውሻ፣ አንበሳ። አንዱን ነጥሎ «ገዳዩ ይህ ነው» ማለት አይቻልም።

ደስታ በሽታን ከዓለም የማጥፋቱ ሥራ ለብቻው ረጅም ታሪክ ነው፣ እዚህ ላይ ቶሎ ልለፈው። መጨረሻ ላይ ከቀሩት አስቸጋሪ ቦታዎች አንዱ የእኛው አፋር ነበር። መኪና አይገባም፣ መብራት የለም፣ ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ የለም። መፍትሔው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ሠርቶ ከአርብቶ አደሮቹ መካከል ለተመረጡ የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ማስያዝ ሆነ፤ እነሱ ግመሉና ከብቱ በሚሄድበት ሄደው ከተቡ፣ በ1990ዎቹ በሽታው ከአካባቢው ጠፋ። በዓለም የመጨረሻው የተረጋገጠ ጉዳይ በ2001 በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ፣ በጎሾች ላይ የታየው ነው። በ2011 ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ገጽ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ተብሎ ታወጀ።

ከወሰኑ ውጭ ያለው ሰው

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አለ። ከብቱን ለክትባት ያሰለፈው አርብቶ አደር ነው። በ1959 ግን ማሳዮች ከሴሬንጌቲ ፓርክ ውስጥ እንዲወጡ ተደርጎ ወደ ንጎሮንጎሮ ተዛውረዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ሒሳብ እስከዛሬ አልተዘጋም። ቱሪስቱ የሚያየው መንጋ ግማሹ የእነሱ ከብት ትብብር ውጤት ነው ብዬ ብናገር ብዙ አላጋነንኩም፣ በየማስታወቂያው ላይ የሚታየው ግን ቀይ ሸማ የለበሰ ጌጥ ሆነው ነው።

ከወሰን ውጭ የሚደረግ ነገር ምን ያህል እንደሚያጠፋ ለማየት ደግሞ ኬንያ በኩል ያለውን የሎይታን መንጋ መመልከት ይበቃል። እነዚህ ዊልደቢስቶች ወደ ማራ የሚጓዙት ከሎይታ ሜዳ እንጂ ከሴሬንጌቲ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ 120 ሺህ ገደማ ነበሩ። የሚወልዱበት መሬት ለስንዴ እርሻ ሲውል፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ 20 ሺህ ገደማ ወረዱ። በሽታ የለም፣ ድርቅም ብቻውን አይደለም። ቦታ ነው የጠፋባቸው።

ለዚህ ነው በ2010 የታንዛኒያ መንግሥት በሴሬንጌቲ ሰሜናዊ ክፍል አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ እሠራለሁ ሲል ያ ሁሉ ጫጫታ የተነሳው። በ2014 የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት ፓርኩን የሚያቋርጥ አስፋልት እንዳይሠራ ወስኗል። ማራ ወንዝ ደግሞ የሚነሳው ኬንያ ውስጥ ካለው የማው ደን ነው፤ ደኑ ሲመነጠርና ውሃው ለመስኖ ሲቀዳ ታንዛኒያ ውስጥ ያለው መንጋ ምንም የሚያደርገው ነገር የለም። በደረቁ ወር ያለ ማቋረጥ የሚፈስለት ወንዝ ያው አንድ ብቻ ነው።

እና አሁን ዓይን የሚጣልበት የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። ከድሮው ደስታ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ታንዛኒያ ውስጥ አለ፣ በሴሬንጌቲ አካባቢ ባሉ የዱር እንስሳት ደም ውስጥም ምልክቱ ተገኝቷል። ሞንጎሊያ ውስጥ በ2016 እና 2017 ገብቶ ሳይጋ የተባለውን የዱር እንስሳ በሺህ የሚቆጠር ገድሏል፣ ስለዚህ ሥጋቱ ባዶ ፍርሃት አይደለም። እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ዕቅድ ተይዟል። ክትባቱ አለ፣ ጥሩም ነው። ችግሩ በግና ፍየል ከላም ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚወልዱ፣ ቶሎም ስለሚሸጡ፣ መንጋው በአጭር ጊዜ ውስጥ ባልተከተበ ግልገል ይሞላል። አንዲት ላም ለማስከተብ አንድ ቀን የሚያጠፋ አርብቶ አደር ለአንዲት ፍየል ያን ቀን ያጠፋል ወይ የሚለው ነው ጥያቄው፤ ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለውም አብሮ ይመጣል።